«አይጎዳም» የተባለው ምርመራ ሲጎዳ፦ የቆየ ወረቀትን ሳያበላሹ ለማንሳትና ለመመርመር ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. በ2001 መገባደጃ ላይ አሜሪካ ውስጥ አንትራክስ (የአባ ሰንጋ ጀርም) የያዙ ደብዳቤዎች በፖስታ ተላኩ። አምስት ሰዎች ሞቱ። መንግሥትም ለዋሽንግተን መሥሪያ ቤቶች የሚላከውን ፖስታ ኦሃዮ ግዛት፣ ሊማ ከተማ እየወሰደ በኤሌክትሮን ጨረር ማስመታት ጀመረ። ጀርሙ ሞተ። ፖስታው ሲመለስ ግን ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ደርቋል፣ ሲያጥፉት ይሰበራል። የትናንት ደብዳቤ የአያት ደብዳቤ መሰለ። ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ የሙዚየሞች ተቋም ተመራማሪዎች ጉዳዩን ሲያጠኑም ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ጨረሩ ወረቀቱን በአንድ ጊዜ አስረጅቶታል።

ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ ለምርመራ የሚውለው ጨረር ብዙውን ጊዜ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የጉዳቱ መንገድ ግን ያው ነው። ወረቀት ማለት ረጃጅም የሴሉሎስ ሰንሰለት ነው። አልትራቫዮሌትም ሆነ ኤክስሬይ ሰንሰለቱን ይበጥሳል። የተበጠሰው ተመልሶ አይቀጠልም። የዛሬው ጉዳት በነገው ላይ ይደመራል እንጂ እረፍት ስላገኘ አይሽርም።

የእኛ አገር የጥንት ጽሑፍ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ብራና ነው። ወረቀቱም ግን ቀላል አይደለም። የሐረር የእስልምና መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት በወረቀት ነው። የአፄ ቴዎድሮስ፣ የአፄ ዮሐንስና የአፄ ምኒልክ ደብዳቤዎች፣ የመሬት ውሎች፣ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው የብርሃንና ሰላም ጋዜጣ፣ ሁሉም ወረቀት ነው። ብዙ ቤት ውስጥም በሳጥን የተቀመጠ አንድ ሁለት ሰነድ አይጠፋም። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ወረቀት እጁ ላይ ላለ ሰው ነው፤ ለቤተሰብ፣ ለትንሽ ቤተ መዛግብት፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ ደብዳቤ ለሚያገላብጥ ተማሪ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ጻፉ

ሰነዱን ከማውጣታችሁ በፊት ባዶ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ አስፍሩ። ምን ማወቅ ነው የምትፈልጉት? ቀላል ይመስላል። ብዙ ጉዳት የሚመጣው ግን ጥያቄ ሳይኖር መሣሪያ ስለተገኘ ብቻ ነው። አዲስ ማሽን ይገዛል፣ «እስቲ እንሞክረው» ይባላል፣ ደብዳቤው ማሽኑ ሥር ይገባል። በመጨረሻ የሚያምር ግራፍ ይወጣል። ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ የሚመልስ ግራፍ።

ጥያቄው ከተጻፈ መንገዱ ያጥራል። «ጽሑፉ ደብዝዞ ማንበብ አቃተኝ» ከሆነ መፍትሔው ፎቶ ነው፤ ኬሚስትሪ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። «ወረቀቱ ከየት የመጣ ነው?» ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ስስ የኤልኢዲ ሰሌዳ አብርቶ የፋብሪካውን ምልክት መፈለግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለምሳሌ የጣሊያን ፋብሪካዎች ለምሥራቅ ገበያ ይሠሩት የነበረው ወረቀት በብርሃን ሲታይ የተደረደሩ ሦስት ግማሽ ጨረቃዎች ያሳያል። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው መብራትና ዓይን ነው።

«ዕድሜውን በካርቦን 14 እናስለካ» የሚባለውን፣ ማለትም ቁራጭ ወስዶ በጊዜ ብዛት የሚቀንሰውን የካርቦን ዓይነት መለካትን ግን ቆም ብላችሁ አስቡበት። እ.ኤ.አ. ከ1650 ገደማ ወዲህ ባለው ዘመን የከባቢ አየሩ ካርቦን 14 ስለሚዋዥቅ ውጤቱ አንድ ዓመት ላይ አያርፍም፤ በ300 ዓመት ውስጥ ይንሳፈፋል። የምኒልክ ዘመን ደብዳቤን ጥግ ቆርጦ ለዚህ መላክ ወረቀትንም ገንዘብንም ማቃጠል ነው። ለዚያውም ቀኑና የተጻፈበት ከተማ አብዛኛውን ጊዜ ከደብዳቤው ግርጌ ላይ ሰፍሯል።

ደረጃ 2፦ የያዛችሁትን ለዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። አንዱን ቀለም የማይነካ ብርሃን ሌላውን ያጠፋዋል። ባጋጣሚ ደግሞ አንድ ደብዳቤ ላይ ሦስት ዓይነት ቀለም ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ጽሑፉ በአንድ፣ ማህተሙ በሌላ፣ የመዝገብ ቤቱ ቁጥር በሦስተኛ።

የጥላሸት ቀለም የእኛ ጸሐፊዎች የሚያውቁት ነው። ካርቦን ስለሆነ ብርሃን አያደበዝዘውም። ችግሩ ከላይ መቀመጡ ነው። ብትፈትጉት ይነሳል፣ ውሃ ከነካው ሊፈስ ይችላል።

የብረት ቀለም ከብረት ሰልፌትና ከኦክ ዛፍ እባጭ የሚሠራ ነው። አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፈበት ቀለም ይህ ነው፤ ስለዚህ ከውጭ የመጡ ደብዳቤዎችና ውሎች ላይ ጠብቁት። ወደ ቡናማ የዞረ ጽሑፍ፣ ፊደሉን የከበበ ቡናማ ጥላ፣ ከጀርባ የሚነበብ መስመር ካያችሁ ጠርጥሩ። ቀለሙ ውስጥ አሲድ አለ። ብረቱ ደግሞ ወረቀቱን ከውስጥ ያቃጥለዋል። በጣም ከበላው ፊደሉ ያለበት ቦታ እንደ ወንፊት ተቀዶ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ትልቁ አደጋ ብርሃን አይደለም። መታጠፍና መርጠብ ነው። በትንሹ ሲለመጥ በቀለሙ መስመር ላይ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ብረቱ ወዳልተነካው ወረቀት ይሰደዳል።

ሦስተኛው አኒሊን የሚባለው ሰው ሠራሽ ቀለም ነው። ዊልያም ፐርኪን እ.ኤ.አ. በ1856 የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም ካገኘ በኋላ እንዲህ ያሉ ቀለሞች ዓለምን አጥለቀለቁ። የድሮ ማህተሞች ላይ የምናየው ሐምራዊ ብዙ ጊዜ የዚህ ቤተሰብ ነው። ብርሃን የሚፈራ ቀለም ካለ ይሄ ነው። ማህተሙ ከጠፋ ደግሞ የሰነዱ ማስረጃነት አብሮ ይሄዳል።

ቀለሞቹን ለመለየት መቆንጠርም ማርጠብም አያስፈልግም። ዓይን የማያየውን ብርሃን በሚያነሳ የኢንፍራሬድ ካሜራ፣ ወደ 1000 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ሲነሱ ይለያያሉ። ጥላሸቱ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። የብረት ቀለሙ በጣም ይሳሳል። ሐምራዊው ጨርሶ ይሰወራል።

ወረቀቱንም እዩ። ከጨርቅ ጭረት የተሠራ የቆየ ወረቀት ጠንካራ ነው። ከእንጨት የተፈጨ የጋዜጣ ወረቀት ግን ብርሃን ሲያገኝ ይቢጫል፣ ጥጉ ሲነካ ይፈረፈራል። በመጨረሻ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ እጥፋቱ፣ ስንጥቁ፣ የተነሳው ቀለም በጥላ ይወጣል። ይህ ፎቶ «ከምርመራው በፊት እንዲህ ነበር» የሚል ማስረጃችሁ ነው። አትዝለሉት።

ደረጃ 3፦ ጠረጴዛና እጅ

እውነቱን ለመናገር፣ ምስል በማንሳት ሥራ ላይ ወረቀት የሚቀደደው በመብራት ሳይሆን በእጅ ነው።

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና በደንብ አድርቁ። ቅባትና ሎሽን ይቅር። ነጭ የጥጥ ጓንት ፊልም ላይ ያምራል፤ ለወረቀት ግን አይሆንም። ጣታችሁ ወረቀቱን አይሰማውም፣ ክሩ የተሰነጠቀውን ጫፍ ይስባል። ጓንት የሚያስፈልገው ፎቶግራፍና ብረት ለመንካት ነው፤ እሱም የናይትሪል። ጠረጴዛው ላይ ቡና፣ ውሃ፣ እስክሪብቶ አይኑር። መጻፊያ እርሳስ ብቻ።

ሰነዱን ሁልጊዜ ከሥሩ ካርቶን አድርጋችሁ ካርቶኑን አንሱ። ከጥግ ይዞ ማንጠልጠል የለም። የታጠፈውን በግድ አትዘርጉት። የዛገ ስፒል ወይም ስቴፕል ካለ አትጎትቱት፤ ዝገቱ ወረቀቱን ነክሶ ይዞታል። አየሩ ከ40 እስከ 55 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ቢኖረው ደህና ነው። ከቀዝቃዛ ክፍል የመጣ ሰነድ በአቃፊው ውስጥ እንዳለ አንድ ቀን የፎቶው ክፍል ውስጥ ይደር። አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ ላዩ ላይ የሚያሞቅ መብራት ከተጨመረ ወረቀቱ ዓይናችሁ እያየ ይጠቀለላል።

በነገራችን ላይ «ስካን ለማድረግ እንዲመች» ብሎ ላሚኔት ማስደረግ የሚባል ነገር አለ። በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ ነው። አይላቀቅም። የአያታችሁን ውል ከወደዳችሁት ላሚኔት ቤት አታድርሱት።

ደረጃ 4፦ ፎቶውን አንሱ፣ አንዴ፣ በደንብ

ሰነዱን ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት አትውሰዱ። ልጁ ምራቁን ጣቱ ላይ ነካ አድርጎ ይገልጣል፤ ወረፋ ስላለም ወረቀቱን ከላይ ባለው መሳቢያ ይከተዋል። ያ መሳቢያ ወረቀቱን በጎማ ጥቅል ስቦ ያዞረዋል። ጤነኛ ወረቀት ያልፋል። በብረት ቀለም የተበላ ወረቀት ግን ሌላኛው ጫፍ ላይ ተሰባብሮ ይወጣል። ጠፍጣፋው ስካነርም ቢሆን ወረቀቱን ፊቱን ወደታች አስገልብጦ በክዳን ይጫናል። ለተጠረዘ መጽሐፍ ጭራሽ አይሆንም፤ ጀርባው ይሰበራል።

የሚሻለው ሰነዱ በጀርባው ተኝቶ ካሜራ ከላይ የሚያይበት ማቆሚያ ነው። ጥሩ ስልክም ቢሆን በማቆሚያ ከታሰረ ይሠራል። በእጅ ይዞ ከላይ ማንዣበብ ግን ይቅር፤ ስልኩ ደብዳቤው ላይ ሲወድቅ የሚያነበው የለም። መጽሐፍ ከሆነ ከ90 እስከ 120 ዲግሪ ብቻ ክፈቱት፤ ሁለቱንም ክንፍ በስፖንጅ ወይም በተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ ደግፉ። ገጹ እንዲዘረጋ መስታወት መጫን ካለባችሁ ክብደቱ ለስለስ ያለ ይሁን፤ ቀለሙ የሚፈረፈር ከሆነ ጨርሶ አይሁን።

አሁን ወደ ብርሃኑ። እዚህ ላይ ሰው የሚፈራውና የሚያስፈራው ይለያያል። እስቲ እናስላው። ሙዚየሞች ለወረቀት የሚፈቅዱት ብርሃን ብዙውን ጊዜ 50 ሉክስ ነው፤ ሉክስ የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢታይ 400 የሉክስ ሰዓት ይሆናል። እናንተ ደግሞ 1000 ሉክስ አብርታችሁ ሥራውን በ2 ደቂቃ ጨረሳችሁ እንበል። 33 የሉክስ ሰዓት ገደማ ነው። ኤግዚቢሽን ላይ 40 ደቂቃ እንደመቆየት ነው፤ ምንም አይልም።

ግን መብራቱ በርቶ ትኩረት እየተስተካከለ፣ ስልክ እየተመለሰ፣ ወሬ እየተወራ አንድ ሰዓት ቢያልፍስ? 1000 የሉክስ ሰዓት። ሁለት ቀን ተኩል የኤግዚቢሽን ብርሃን ለአንድ ፎቶ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ትኩረቱንና መብራቱን ተመሳሳይ መጠን ባለው ተራ ወረቀት ላይ አስተካክሉ። ሰነዱ የሚመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ከተነሳ በኋላ ወዲያው ይሸፈናል።

መብራቱ አልትራቫዮሌት የሌለው ኤልኢዲ ይሁን። ሃሎጅን ያሞቃል። ፍላሽን በተመለከተ ከሚወራው ያነሰ ነው ጉዳቱ። አንድ ብልጭታ የሚጨምረው ብርሃን እዚህ ግባ አይባልም። እኔ ፍላሽ አጥፉ የምለው ቀለሙ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ስለሚያሳርፍና ፎቶው እንደገና መነሳት ስላለበት ነው። ዋናው ጉዳትም መደጋገሙ ነው፤ ሰነዱ ደግሞ ይወጣል፣ ደግሞ ይገለጣል።

ለሐምራዊው ማህተም ግን ሒሳቡ ጠበቅ ይላል። የቀለም ጽናት የሚለካው ከ1 እስከ 8 ደረጃ ባለው የሰማያዊ ሱፍ መለኪያ ነው። ከሁሉም ደካማ የሆነው 1ኛው ደረጃ አልትራቫዮሌት በሌለው ብርሃን ወደ 300 ሺህ የሉክስ ሰዓት ሲያገኝ ዓይን የሚለየው ለውጥ ያሳያል። ብዙ ይመስላል። በ50 ሉክስ በየቀኑ ቢታይ ግን 2 ዓመት ገደማ ነው። ማህተሙ ካሁን በፊት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስንቱን እንደጨረሰ ደግሞ አይታወቅም።

ዋናውን ፋይል በ400 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች 400 ነጥብ)፣ ሳይጨመቅ፣ ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ። የቀለም መለኪያ ካርዱ ከጎን ይቀመጥ፤ ሰነዱን አይንካ። ከዚያ በኋላ ለሚጠይቅ ሁሉ ፋይሉ ይሰጠዋል እንጂ ሰነዱ አይወጣም። የኢትዮጵያ ብራናዎች ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም ሲነሱ ያገኘነው ትልቁ ጥቅም አንዱ ይሄ ነው፤ አንባቢው የፊልሙ ቅጂ ያለበት አሜሪካ፣ ኮሌጅቪል፣ ሚኒሶታ ተቀምጦ ሲያነብ መጽሐፉ በገዳሙ ዕቃ ቤት ያርፋል።

ደረጃ 5፦ የደበዘዘውን ለማንበብ

ተራ ፎቶ ካልበቃ መልቲስፔክትራል የሚባለው አለ። ሰነዱ ሳይነካ፣ ከአልትራቫዮሌት እስከ ኢንፍራሬድ በጠባብ የብርሃን ዓይነቶች ተራ በተራ ይበራበታል። ካሜራው እያንዳንዱን ያነሳል፤ ኮምፒውተር ያነጻጽራል። ቅደም ተከተሉን እናንተ ጠይቁ፦ መጀመሪያ ኢንፍራሬድ፣ ቀጥሎ የሚታየው ብርሃን፣ አልትራቫዮሌት መጨረሻ ላይ። በመጀመሪያው ከተነበበ እዚያው ይቆማል። ጽሑፉ ከተነበበ በኋላ «ለሙሉነት» ተብሎ የሚጨመር አልትራቫዮሌት ወጪ ብቻ ነው።

ኬሚካል ቀብቶ ለማንበብ መሞከር ግን ምን እንደሚያመጣ ጣሊያን፣ ቬሮና ውስጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1816 ጀርመናዊው የታሪክ ሊቅ ኒቡር እዚያ ካቴድራል መጻሕፍት ቤት ውስጥ ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት ብራና አገኘ። ሥሩ ያለው የሮማዊው የሕግ ሊቅ የጋዮስ ሥራ ነበር። ሊቃውንቱ የተፋቀውን ለማየት ኬሚካል አፈሰሱበት። ፊደሉ ለጊዜው ብቅ አለ፤ እነሱም ያዩትን ገለበጡ። ከዚያ በኋላ ቅጠሎቹ ጠቆሩ፣ ተበሉ። ከእነሱ በኋላ የመጣ አንባቢ ከእነሱ ያነሰ ነው የሚያየው። ሁለት መቶ ዓመት ቢታገሡ ኖሮ መልቲስፔክትራል ካሜራው ይደርስላቸው ነበር። ይህ ብራና ነው፤ ወረቀት ቢሆን ደግሞ የባሰ ነበር።

ደረጃ 6፦ ጠብታ የሚጠይቁ ምርመራዎች

እነዚህ ርካሽ ናቸው፤ አደጋቸውም እዚያ ላይ ነው።

የአሲድ መለኪያ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ መስመር ያሰምራል። መስመሩ አይጠፋም። የእንጨት ወረቀት መለያው ፍሎሮግሉሲኖል ቀይ ነጠብጣብ ይተዋል፤ የስታርች መለያው አዮዲን ሰማያዊ። የተጣራ ውሃ አንድ ጠብታ እንኳ ሲደርቅ ዳር ዳሩን ቆሻሻውን ሰብስቦ ቡናማ ቀለበት ይሠራል። ጥጉን ወዲያና ወዲህ አጥፎ «ስንት ጊዜ ቻለ?» የሚባለውም ምርመራ ያው ጥጉን ቆርጦ መውሰድ ነው። ባዶ የመጽሐፍ ገጽ ወይም ተመሳሳይ ዘመን ያለው ዋጋ የሌለው ወረቀት ካላችሁ በእሱ ላይ ይሞከር። ሰነዱ ላይ አይሆንም።

አንድ ለየት ያለ አለ። ለብረት ቀለም ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራ የመለያ ወረቀት ነው፤ ባቶፌናንትሮሊን የሚባል ኬሚካል የነከሩት። በተጣራ ውሃ ይረጥባል፣ ትርፉ ውሃ በመምጠጫ ወረቀት ይወሰዳል፣ ከዚያ ፊደሉ ላይ ለ30 ሰከንድ ያህል ይጫናል። ነጻ ብረት ካለ ወደ ደማቅ ሮዝ ይለወጣል። ጠቃሚ ነው። ግን የጥገና ባለሙያ እጅ ይፈልጋል፤ ትርፉ ውሃ ካልተወሰደ የምትፈልጉትን ጉዳት ራሳችሁ ትፈጥራላችሁ።

ደረጃ 7፦ ሌዘርና ኤክስሬይ

ሰነዱ ላብራቶሪ ከመግባቱ በፊት ለባለሙያው አራት ነገር ጠይቁ፦ ኃይሉ ስንት ነው፣ ነጥቡ ስንት ይሰፋል፣ ለስንት ጊዜ ይበራል፣ መጀመሪያ በምን ላይ ተሞከረ? «አይጎዳም፣ ኖንዲስትራክቲቭ ነው» ብቻ የሚል መልስ ውሃ አያነሳም።

ራማን የሚባለውን እንውሰድ። ሌዘር ነጥብ ላይ ያርፋል፤ የሚመለሰው ብርሃን ቀለሙ ምን እንደሆነ ይናገራል። ኃይሉ 1 ሚሊዋት ነው ቢሏችሁ ኢምንት ይመስላል። ግን በማይክሮስኮፕ ተጠቦ 1 ማይክሮሜትር ስፋት ላይ ሲያርፍ በካሬ ሴንቲሜትር ከ120 ሺህ ዋት በላይ ይመጣል። የእኩለ ቀን ፀሐይ 0.1 ዋት ገደማ ናት። ጥቁር ቀለም ደግሞ ብርሃኑን ይውጠዋል። ነጥቡ ይግላል፣ ይቃጠላል። በእርሳስ የተሠሩ ቀለሞች መልካቸውን ሊለውጡ ይችላሉ። ይባስ ብሎ መሣሪያው የተቃጠለውን አንብቦ «ቀለሙ ካርቦን ነው» ሊል ይችላል። ሰነዱም ተጎዳ፣ መልሱም ስህተት ሆነ።

ሌላም ፈተና አለ። ያረጀ ወረቀት በሌዘር ሲመታ ራሱ ያበራል፤ ብርሃኑም ምልክቱን ይውጠዋል። ያኔ የባለሙያው እጅ ወደ ኃይል መጨመሪያው ይሄዳል፣ ወይም ወረቀቱ እስኪደክም ሌዘሩን ያቆይበታል። አብራችሁ ተቀመጡ። ከዝቅተኛው ኃይል ይጀመር። ከእያንዳንዱ ነጥብ በፊትና በኋላ በማይክሮስኮፕ ፎቶ ይነሳ። ምልክት ካልመጣ «አልተገኘም» ብሎ መጻፍም ውጤት ነው።

ኤክስ አር ኤፍ በኤክስሬይ ብረታ ብረቱን ይለያል። በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ለአጭር ጊዜ ሲሠራ በዓይን የሚታይ ነገር አይተውም። ነገር ግን አንዱን ነጥብ እየደጋገሙ መምታት አይገባም። ሲንክሮትሮን የሚባለው ግዙፍ ማሽን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ጨረሩ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ሴሉሎሱን ይበጥሳል፤ ለውጡም ያኔውኑ ላይታይ ይችላል። ጨረሩ ከጠፋ በኋላ ወረቀቱ ውስጥ የቀሩት ንቁ ኬሚካሎች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ ቢጫነቱ ቆይቶ ይመጣል።

ጨረር ሁሉ ክፉ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዴቪስ፣ ካሊፎርኒያ ያሉ ተመራማሪዎች የጉተንበርግን መጽሐፍ ቅዱስ ገጾች በፕሮቶን ጨረር መርምረው ቀለሙ ውስጥ መዳብና እርሳስ በብዛት እንዳለ ደረሱበት፤ አንዲት ቅንጣት ሳይቆርጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በ1697 ተጽፎ፣ ተጣጥፎና ታሽጎ ተከፍቶ የማያውቅ ደብዳቤ ሳይከፈት ተነበበ። ለጥርስ ምርምር የተሠራ የኤክስሬይ ማሽን የእጥፋቱን ንብርብር አነሳ፤ ኮምፒውተር ዘረጋው። ዣክ ሴናክ የሚባል ሰው ኔዘርላንድስ፣ ሄግ ላለ የአክስቱ ወይም የአጎቱ ልጅ የጻፈው ነበር፤ ስለ አንድ ዘመድ ሞት የተረጋገጠ ማስረጃ እንዲልክለት ይጠይቃል። እዚህ ምርጫው ኤክስሬይ ወይም መቅደድ ነበር። እኔ ብሆን ኤክስሬዩን እመርጥ ነበር። ደብዳቤው ቀድሞውኑ የተከፈተ ቢሆን ግን ያንን ጨረር የሚያስመታ ምክንያት የለም።

ሁለት ነገር ላክል። ኤፍቲአይአር በኢንፍራሬድ ብርሃን ኬሚካሉን የሚለይ ምርመራ ነው፤ በአንዱ ዓይነቱ ክሪስታል ወረቀቱ ላይ ይጫናል፤ የጫነበት ጎድጎድ ብሎ ሊቀር ይችላል። ማይክሮፌዲንግ ደግሞ ሆን ብሎ ግማሽ ሚሊሜትር የማትሞላ ነጥብ በኃይለኛ ብርሃን ያደበዝዛል፤ ቀለሙ ስንት ቀን ኤግዚቢሽን እንደሚችል የሚታወቀው በዚያ ነው። ለሐምራዊው ማህተም ይህን ትንሽ ጉዳት መቀበል አስተዋይነት ሊሆን ይችላል፤ ቦታው ከዓይን የራቀ ይሁን፣ ለውጡ ዓይን ከመለየቱ በፊት ይቁም።

ደረጃ 8፦ መቁረጥ ግድ ከሆነ

ብዙ ጊዜ ግድ አይሆንም። ከሆነ፣ ቀድሞውኑ ወድቆ በአቃፊው ውስጥ የተገኘ ቁራጭ ይወሰድ። ጽሑፍ፣ ማህተም፣ የፋብሪካ ምልክት ያለበት አይነካም። የት እንደነበረ በፎቶ ይመላከት፣ ምን ያህል እንደተወሰደ ይመዘገብ፣ ትርፉ እንዲመለስ በጽሑፍ ውል ይገባ። ሰነዱ የተቋም ከሆነ የኃላፊው ፈቃድ ይቅደም። ቅርስ ከኢትዮጵያ ለማውጣት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይደነግጋል፤ «ለምርመራ ብቻ ነው» ብሎ ሻንጣ ውስጥ መክተት አያዋጣም።

ደረጃ 9፦ መዝግቡ፣ ቆይታችሁ እንደገና እዩ

የተደረገው ሁሉ በእርሳስ፣ በጥሩ ወረቀት ይጻፍና ከሰነዱ ጋር በአንድ ሣጥን፣ በተለየ አቃፊ ይቀመጥ። ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ካስቀመጣችሁት የሚቀጥለው ተማሪ አያገኘውም፤ ያንኑ ነጥብ እንደገና ያስመታዋል። አጻጻፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ገጽ 1፣ መስመር 6፣ ሦስተኛው ቃል፣ የመጀመሪያው ፊደል። ራማን፣ 785 ናኖሜትር፣ 0.5 ሚሊዋት፣ 10 ሰከንድ፣ 3 ጊዜ። በማይክሮስኮፕ የታየ ለውጥ የለም።» ቀኑና የመርማሪው ስም ይጨመር። ነጥቡ የት እንደሆነ ደግሞ በሰነዱ ፎቶ ላይ ምልክት ይደረግበት፤ ሰነዱ ራሱ ላይ ምንም አይጻፍ።

ከሦስት ወር በኋላና ከዓመት በኋላ ነጥቦቹን በዚያው መብራት፣ በዚያው ርቀት አንሷቸው። በአልትራቫዮሌት አንድ ፎቶ ጨምሩ፤ ከአካባቢው የተለየ የሚያበራ ወይም የጠቆረ ክብ ከታየ መዝግባችሁ ለመረመረው ላብራቶሪ ንገሩ፤ ሰነዱም ለሌላ ጨረር እንዳይወጣ አቃፊው ላይ ጻፉበት።